ስለ ናስ ዕቃ አጸዳድና አያያዝ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በስሙ ትንሽ ቢመስልም በጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። ይኸውም በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የሚገኘው የናስ ዕቃ ወይቦና ጠቁሮ በተገኘ ጊዜ፥ ከጓዳ በማይጠፉት በሎሚ፥ በጨው፥ በኮምጣጤና በአመድ እንዴት አድርጎ ማጽዳት እንደሚቻል፤ ደግሞም እጅን ሰብስቦ መተው የሚገባው መቼ እንደሆነ ነው።

ናስ ከሩቅ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ዓይናችንን ወደ ዙሪያችን ብንመልስ የበሩ እጀታ፥ የመሳቢያው ቀለበት፥ የሻማው መቅረዝ፥ የጠረጴዛው ደወል፥ የአሮጌው ግድግዳ ሰዓት ተወዛዋዥ፥ የላምባው ምድጃ ሆድ፥ የማኅተሙ ፊት፥ የሙዚቃው መለከት ብዙውን ጊዜ ናስ ሆኖ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያንም ጽናው፥ ቃጭሉና የመቋሚያው ራስ ከናስ የሚሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዳንዱ ትናንት ከገበያ የተገዛ፥ አንዳንዱ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው።

እንግዲህ በዓል ሲደርስ ወይም የከበረ እንግዳ ሲጠበቅ፥ «ይህ ነገር ጠቁሯልና ይወልወል» የሚል ቃል በየቤቱ ይሰማል። ትእዛዙ ቀላል ነው። ሥራው ግን ያለ ዕውቀት የተሠራ እንደሆነ ሦስት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፥ ዕቃው ይበላሻል፤ የተቀረጸበትም ጽሑፍ ይጠፋል። ሁለተኛ፥ የሚያጸዳው ሰው በሚተነፍሰውና በእጁ በሚነካው መርዝ ይጎዳል። ሦስተኛ፥ በዕቃው የሚበላውና የሚጠጣው ሰው ይታመማል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ አስቀድመን ናስ ምን እንደሆነ እንወቅ። ናስ እንደ ወርቅ ወይም እንደ ብረት ብቻውን የቆመ ማዕድን ሳይሆን፥ መዳብና ዚንክ የሚባሉት ሁለት ማዕድኖች በእሳት ቀልጠው የተዋሐዱበት ቅይጥ ነው። ለጥይት ቀለህ የሚሠራው የታወቀው ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፥ 30 እጅ ዚንክ ነው። ዚንኩ ሲበዛ መልኩ ወደ ቢጫነት፥ መዳቡ ሲበዛ ወደ ቀይነት ያደላል። ነሐስ የሚለውን ስም ብዙ ሰው ለናስም ይሰጠዋል፤ የማዕድን ዐዋቂዎች ግን መዳብ ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር ሲቀየጥ ነሐስ፥ ከዚንክ ጋር ሲቀየጥ ናስ እያሉ ይለያሉ።

ቅየጣው በጥንት ዘመን ቀላል አልነበረም። መዳብ የሚቀልጠው ሙቀቱ 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ላይ ፈልቶ እንደ እንፋሎት ይበናል። መዳቡ ሳይቀልጥ ዚንኩ ስለሚጠፋ፥ የቀድሞ አንጥረኞች የዚንክን አፈር ከከሰልና ከመዳብ ጋር በተዘጋ ሸክላ ውስጥ እያሞቁ፥ እንፋሎቱ ወደ መዳቡ እንዲገባ ያደርጉ ነበር። በሕንድ አገር በራጃስታን ግዛት ዛዋር በሚባል ስፍራ ዚንክን ለብቻው አንጥሮ የማውጣት ጥበብ ከአውሮፓ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ይሠራበት ነበር። በአውሮፓ ግን ዊልያም ቻምፒዮን የተባለው እንግሊዛዊ ለዚህ ሥራ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1738 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በርካሽ የምንገዛው የበር እጀታ ይህን ያህል የሰው ልጅ ድካም ያለበት መሆኑን ማወቅ፥ ዕቃውን በአክብሮት ለመያዝ ይረዳል።

አሁን ወደ ጥቁረቱ እንምጣ። ናስ የሚጠቁረው ቆሻሻ ስለ ነካው ብቻ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና እርጥበት በውስጡ ካለው መዳብ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ከኩሽና ጭስ፥ ከእንቁላልና ከሽንኩርት የሚወጣው የድኝ ጠባይ ያለው አየርም እንዲሁ ይዋሐደዋል። የእጃችንም ላብ ጨውና ቅባት ስላለበት፥ በተነካ ቁጥር ጣታችንን በናሱ ላይ አትሞ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ቢጫው ይደበዝዛል፥ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፥ በመጨረሻም ይጠቁራል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የብረት ዝገት እየተቀረፈ ስለሚወድቅ ከሥሩ ያለው ብረት እንደገና ይዝጋል፤ በዚህም ዓይነት ብረቱ እስኪያልቅ ይበላል። የናስ ጥቁረት ግን በላዩ ላይ አጥብቆ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ፥ ከሥሩ ላለው እንደ ልብስ ይሆንለታል። ስለዚህ እኩል ሆኖ የተኛ ቡናማ ጥቁረት ለናስ ሕመም ሳይሆን ሽበት ነው። ሕመሙ አረንጓዴው ነው። በየስንጥቁና በየመገጣጠሚያው ተሰብስቦ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አረንጓዴ ነገር ያየን እንደሆነ፥ ናሱ በመበላት ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም አረንጓዴ ነገር ወደ ሆድ ቢገባ መርዝ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ዋና ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ። ጥቁረቱ ከራሱ ከናሱ የተሠራ ነውና፥ ጥቁረቱን ማስወገድ ማለት ከናሱ ጥቂት ማስወገድ ማለት ነው። እያንዳንዱ ውልወላ ከዕቃው ላይ ስስ ሽፋን ይወስዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን የማይታወቅ፥ በየሳምንቱ ቢሆን ግን በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተቀረጸውን ሐረግ የሚያጠፋ፥ የማዕዘኑን ስለት የሚያደነዝዝ ነው። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው በናስ ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም ይታያል።

እንግዲህ ሎሚና ጨው ከማቅረባችን በፊት ዕቃውን በእጃችን ይዘን አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛው ጥያቄ፥ «ይህ ዕቃ በእውነት ናስ ነውን?» የሚል ነው። ብዙ ዕቃ ውስጡ ብረት፥ ላዩ ብቻ በስስ ናስ የተለበጠ ነው። ይህን ለመለየት ማግኔት ይበቃል። ማግኔት ናስን አይስብም፤ አጥብቆ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያለው ዕቃ በሎሚ ቢታሽ ልባጩ ተልጦ ብረቱ ይወጣል፥ ወዲያውም ይዝጋል። ለእርሱ ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ «በላዩ ቫርኒሽ ተቀብቷልን?» የሚል ነው። ፋብሪካዎች ናስ እንዳይጠቁር ብለው መስተዋት የመሰለ ቫርኒሽ ይቀቡታል። ሳይወለወል ለብዙ ዓመታት እኩል ሲያበራ የቆየ፥ ኋላም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጥቁረት እዚህም እዚያም የታየበት ዕቃ ምናልባት ቫርኒሽ ያለው ነው። ሎሚው በቫርኒሹ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ናሱን አያገኘውም። ቫርኒሹ ደኅና ከሆነ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ታጥቦ ይደረቅ፥ ከዚያ አይለፍ። ቫርኒሹ ያረጀ እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ እርሱ በባለሙያ እጅ ሊነሣ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ፥ «ዕቃው ምን ያህል ዘመን ያለው ነው? ምንስ ተጽፎበታል?» የሚል ነው። አራተኛውም፥ «ዕቃው የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው?» የሚል ነው። እነዚህ ሁለቱ ሰፊ ስለሆኑ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ጥያቄዎቹ ተመልሰው ዕቃው ሊጸዳ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ፥ ሥራው ከለዘብተኛው ወደ ብርቱው ቀስ እያለ ይሂድ። የመጀመሪያው መድኃኒት ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። ጥቁረት የመሰለን ነገር ብዙ ጊዜ የጭስ፥ የአቧራና የእጅ ቅባት ድምር ነው። በለስላሳ ጨርቅ፥ ለሐረጉና ለጠርዙም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየታጠበ ቢደርቅ፥ ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ ሌላ ነገር ሳያስፈልጋቸው ይመለሳሉ። ይህ ካልበቃ ብቻ ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

ሁለተኛው መድኃኒት ሎሚና ጨው ነው። ሎሚውን ለሁለት ከፍሎ በተቆረጠው ፊት ላይ ደቃቅ ጨው ነስንሶ፥ ናሱን ሳይጫኑ በክብ በክብ ማሸት ነው። የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ከመቶው 5 ወይም 6 እጅ ያህል ሲትሪክ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ነገር አለ። ይህ አሲድ ጥቁረቱን ያሟሟል፤ ጨውም የሟሟው መዳብ ወደ ውሃው እንዲወጣ ያግዘዋል። ስለዚህ ጨው የሌለው ሎሚ ይሠራል፥ ጨው ያለው ሎሚ ግን ፈጥኖ ይሠራል። ጨው ደቃቅ ይሁን ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሻካራ ጨው እንደ አሸዋ ሆኖ ናሱን ይጭረዋልና።

ሦስተኛው መድኃኒት ኮምጣጤ፥ ወይም በብዙ ቤት አቼቶ እየተባለ የሚጠራው ነው። በተለመደው የቤት ኮምጣጤ ውስጥ ከመቶው 5 እጅ ያህል አሴቲክ አሲድ አለ። ግማሽ ብርጭቆ ኮምጣጤ አቅርቡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ፤ ከዚያም የስንዴ ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ እንደ ወፍራም ሊጥ አድርጉት። ዱቄቱ በራሱ የሚያጸዳ ሆኖ አይደለም፤ ኮምጣጤው ከቆመ ነገር ላይ ወዲያው እንዳይፈስ ስለሚይዘው ነው። ስለዚህ ለበር እጀታና ለመቅረዝ እግር ከሎሚው ይልቅ ይህ ይሻላል። ሊጡን ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና እጠቡት። ጥቁረቱ ካልለቀቀ እንደገና ቀቡት እንጂ ሌሊቱን አታሳድሩት።

ሌሊቱን ማሳደር የሚከለከለው ስለምን ነው? አሲድ በናስ ላይ ብዙ የቆየ እንደሆነ ከሁለቱ ማዕድኖች ደካማው ዚንክ ቀድሞ ይወጣል፤ መዳቡ ብቻውን ይቀራል። ቢጫ የነበረው ናስ በዚያ ስፍራ እንደ ሥጋ ይቀላል። ይህን ቀይ ምልክት ያየ ሰው ቆሻሻ ቀረ መስሎት ሎሚ ቢጨምርበት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ቀዩ ሲታይ ወዲያው ማጠብና ማቆም ይገባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ መሥራት አንድ ሌሊት ከመዘፍዘፍ ይሻላል።

የቲማቲም ድልህም ኮምጣጣነት ስላለው ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ይህንኑ ሥራ ይሠራል። እናቶቻችን የሚጠቀሙበት የተነፋ የእንጨት አመድ ግን ጠባዩ ከእነዚህ የተለየ ነው። አመድ እንደ ሳሙና ቅባትን የሚቆርጥ አልካሊ ነው፤ ደቃቅነቱም በለዘብታ ያሻል። ቅባት ለበዛበት የኩሽና ዕቃ አመድ በውሃ ርሶ በጨርቅ ቢታሽበት መልካም ነው። ሳይነፋ ከሆነ ግን በውስጡ ያለው ጠጠር ይጭራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ ነገር ላስታውስ። አመድና ሎሚን፥ ወይም ቤኪንግ ሶዳ የሚባለውን ነጭ ዱቄትና ኮምጣጤን ባንድነት ቀላቅሎ መቀባት ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ሶዳውና ኮምጣጤው ሲገናኙ አረፋ ስለሚፈላ ብርቱ መድኃኒት የተገኘ ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። አንደኛው አሲድ፥ ሁለተኛው አልካሊ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይሻራሉ፤ የሚፈላውም አረፋ ከሁለቱ የሚወጣው አየር ነው። ሲረጋ የሚቀረው ጥቂት ጨውነት ያለው ውሃ ብቻ ነው። ሶዳ የሚያስፈልገው ከሥራው በኋላ ነው። ዕቃው በሎሚ ጸድቶ በንጹሕ ውሃ ከታጠበ በኋላ፥ ጥቂት ሶዳ የገባበት ውሃ ቢፈስበት በየስንጥቁ የቀረውን አሲድ ይሽረዋል። ከዚያም እንደገና በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ያላለቀ ለመሆኑ ምስክሩ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ የሚመጣው ጥቁረት ነው። የታጠበ ናስ ራቁቱን ነው፤ ቀድሞ ያለበሰው ጥቁረት ተወስዶበታልና ካለፈው ይልቅ ፈጥኖ ይጠቁራል። ስለዚህ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይደረቅ፤ በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ ጥቂት ይሙቅ፤ ለብ እንዳለም ንጹሕ የንብ ሰም በጨርቅ ተይዞ በስሱ ይቀባና እስኪያበራ ይታሽ። ሰሙ አየሩንና የእጁን ላብ ይከለክላል። ከዚህ በኋላ በየጊዜው በደረቅ ጨርቅ ማበስ ብቻ ይበቃል። በጠቅላላው አንድ ጊዜ በሎሚ፥ ብዙ ጊዜ በጨርቅ የሚለው ሕግ ይሁንላችሁ።

አሁን ላቆያችሁት አራተኛ ጥያቄ፥ ማለት ወደ ዕቃው ሥራ ልመለስ። በላምባው ምድጃ እንጀምር። ፕሪሙስ የሚባለውን ምድጃ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለው ስዊድናዊ በስቶክሆልም የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ነው። ሆዱ ናስ ነው፤ በውስጡም ላምባው በእጅ በሚገፋ አየር ተጨንቆ ወደ ላይ ይወጣል፥ በሙቀቱም ተንኖ በመርፌ ቀዳዳ መሰል ጠባብ አፍ እየፈሰሰ ይነዳል። ይህን ዕቃ የሚያጸዳ ሰው አስቀድሞ አየሩን ያስተንፍስ፥ ላምባውን ይገልብጥ፥ ምድጃውም ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የዱቄቱ ሊጥ ወደ ጠባቡ አፍ እንዳይገባ ይጠንቀቅ፤ ቀዳዳው በራሱ ቀጭን መርፌ ብቻ ይጠረግ። ውልወላው ሲያልቅ መገጣጠሚያውን በብርሃን ይመልከት። ስንጥቅ ወይም የሚያንጠባጥብ ስፍራ ያየ እንደሆነ ምድጃው ምንም ያህል ቢያበራ አይለኮስ፤ በውስጡ ግፊት ያለበት ዕቃ ነውና።

ቀጥሎ የምግብና የመጠጥ ዕቃ ነው። ሎሚ ከናስ ላይ ጥቁረቱን የሚያሟሟ ከሆነ፥ በናስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠም ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ ቲማቲም ወይም ሌላ ኮምጣጣ መጠጥ እንደዚሁ መዳቡን እያሟሟ ይቆያል ማለት ነው። የሚያጸዳው ነገርና የሚመርዘው ነገር አንድ ነው። በዚህ ላይ በመኪና የሚጠረበው ናስ ለሥራ እንዲቀል ሲባል ከመቶው እስከ 3 እጅ የሚደርስ እርሳስ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። እርሳስ ለማንም ሰው፥ ይልቁንም ለሕፃናት አእምሮ ብርቱ ጠላት ነው። ስለዚህ ውስጡ በቆርቆሮ ማዕድን ያልተለበጠ የናስ ዕቃ ለጌጥ ይቀመጥ እንጂ ኮምጣጣ ነገር አይብሰልበት፥ አይደርበትም። በውስጡ አረንጓዴ ነገር የታየበት ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ለምግብ አያገልግል።

የሚዛን መመዘኛ የሆኑ ትንንሽ የናስ ክብደቶች ደግሞ የተለየ ሥርዓት አላቸው። በወርቅ ሠሪና በመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ የሚገኙት እነዚህ ክብደቶች ዋጋቸው በመልካቸው ሳይሆን በልካቸው ነው። ውልወላ ከናሱ ላይ ይወስዳል ብለናል፤ እንግዲህ በሎሚ የሚያበራ መመዘኛ ከተጻፈበት ልክ ያነሰ መመዘኛ ነው። ማንም ሳያስብ ገዢ ወይም ሻጭ ይበደላል። እነዚህ በጣት ሳይሆን በወረንጦ ተይዘው፥ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራቸው ብቻ ይነሣ።

ስለ በር እጀታም አንድ ቃል ልጨምር፥ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ይጠቅማልና። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መዳብና የመዳብ ቅይጦች አንዳንድ የበሽታ ባክቴሪያዎችን የመግደል ኃይል እንዳላቸው መዝግቧል። ንጹሕ ሆኖ የተያዘ፥ ሰምና ቫርኒሽም ያልተቀባ እንደሆነ፥ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከመቶው 99.9 እጅ ያህሉን ይገድላል ተብሏል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጨብጠው የናስ እጀታ በሰም ከመቀባት ይልቅ በየቀኑ በሳሙና ውሃ ቢታበስ ይበልጥ ይጠቅማል። ይህም ቢሆን እጅን መታጠብን የሚተካ አይደለም።

አሁን ፈጽሞ ሊደረጉ ስለማይገባቸው ነገሮች ልናገር። የብርጭቆ ወረቀት፥ የብረት መፈግፈጊያ ሽቦና አሸዋ ናስን ያበራሉ፤ የሚያበሩት ግን በመጫር ነው። በጭረቱ ውስጥ እርጥበትና አቧራ ስለሚተኛ ዕቃው ዳግመኛ ሲጠቁር ከፊተኛው ይከፋል።

አሞንያም በአንዳንድ የመስተዋትና የብረት ማጽጃ ውስጥ ይገኛል። ናስን በእርግጥ ያበራል፤ ነገር ግን የተጠመዘዘና የተወጠረ ናስን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ አገር በነበረበት ዘመን፥ በዝናሙ ወራት በፈረስ ጋጥ አጠገብ የተከማቸው የጥይት ቀለህ ማንም ሳይነካው እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። ነገሩ በወቅቱ ስለሚመጣ የወቅት ስንጥቅ ተባለ። ሙር፥ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ መርማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ምክንያቱን ገለጡ። ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞንያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፥ በፋብሪካ ሲሳብ ተወጥሮ የቀረውን ናስ ይሰነጥቀው ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው በረኪና ነው። በረኪና ናስን ያጠቁራል እንጂ አያነጻም። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር የተገናኘ እንደሆነም ክሎሪን የሚባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። በረኪና ከአሞንያ ጋር ሲደባለቅም ሳንባን የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ በሆነ፥ መስኮት በሌለው ኩሽና ውስጥ አንድ ሲኒ ኮምጣጤና አንድ ሲኒ በረኪና ለጉዳት ይበቃሉ።

በዚህ ነገር ላይ ለእናንተ፥ ለቤት ባለቤቶችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በተለይ የምናገረው አለኝ። ናሱን የሚወለውለው ብዙ ጊዜ እኛ አይደለንም፤ የቤት ሠራተኛዋ ናት፥ ወይም የጽዳት ሠራተኛው ነው። «እስከ ማታ ድረስ ያብራ» ብለን ትእዛዙን ሰጥተን እንሄዳለን። ሠራተኛዋም ሥራዋን ለማፍጠን በጓዳ ያገኘችውን ሁሉ ቀላቅላ ብትጠቀም፥ የጠርሙሱንም ጽሑፍ ማንበብ ባትችል፥ ከሚደርሰው ጉዳት ዕዳው በማን ላይ ነው? ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ዕውቀቱንም አብሮ ሊሰጥ ይገባዋል። መስኮት ይከፈት፤ ለእጇ የላስቲክ ጓንት ይገኝላት፤ በረኪናው ከኮምጣጤው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለምን እንደ ተለየም ይነገራት። የመቅረዙ ብርሃን ከአንድ ሰው ትንፋሽ አይበልጥም።

በመጨረሻ የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ፥ የዘመኑና የጽሑፉ ነገር ነው። አሮጌ የናስ መስቀል፥ የስጦታ ጽሑፍ ያለበት ደወል፥ የቀደመ ሰው ስም የተቀረጸበት ማኅተም፥ ጥንታዊ ገንዘብ በማንኛውም የጓዳ ነገር አይወልወል። በላዩ ያለው ጥቁረት የዘመኑ ምስክር ነው። ቅርጹን የሠራው ሰው የመሣሪያው ዱካ፥ የጽሑፉ ስስ ጠርዝ፥ ዕቃው በእጅ የተያዘበት ስፍራ ሁሉ በዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ ይገኛል። ሎሚው ይህን ሁሉ በ10 ደቂቃ ይወስደዋል፤ የተወሰደውንም የሚመልስ ጥበብ የለም። እንደዚህ ላለው ዕቃ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፥ ከእርጥበትና ከጭስ ማራቅ፥ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል። አረንጓዴ ዱቄት የሚረግፍበት ከሆነ ግን ቅርስን ለማደስ የተማሩ የሙዚየም ባለሙያዎች ይዩት። በቤት ያለ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ሊሠራ የሚችለው እጁን በመሰብሰብ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የተናገርሁትን በአጭሩ ልሰብስበው። መጀመሪያ ዕቃውን ዕወቁ፤ በሳሙና ጀምሩ፤ ሎሚውና ኮምጣጤው በጨው ይታገዙ፥ ጊዜያቸውም 10 ደቂቃ ይሁን፤ አጥባችሁ አድርቁ፥ እንደ ሥራው ዓይነትም ሰም ቀቡ፤ በረኪናን አታቅርቡ፤ አሮጌውንና የተጻፈበትን ተዉ። ንጽሕናን መውደድ መልካም ልማድ ነው። ብልህ ሰው ግን የሚያበራውን ብቻ ሳይሆን፥ ካበራ በኋላ ለልጁ የሚተርፈውንም ያስባል።